በታብሌት ልተካው ላልሽኝ

ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ ሁላችንም ደህና ነን። «አባዬ፣ ላፕቶፔ አርጅቷል፤ በታብሌት ብተካውስ?» ያልሽውን ሳስብበት ሰነበትኩ። በስልክ ከሆነ ወሬ ስለማበዛ በጽሑፍ ይሻላል ብዬ ነው።

መልሱን ላስቀድምልሽ። የምትገዢው አንድ ዕቃ ብቻ ከሆነ ላፕቶፕ ግዢ።

ይህን የምልሽ ታብሌት አቅም የለውም ብዬ አይደለም። በፈረንጆቹ 2010 የመጀመሪያው አይፓድ ሲወጣ እነ ስቲቭ ጆብስ ራሳቸው በስልክና በላፕቶፕ መሀል ያለ ዕቃ ነው ብለው ነበር ያስተዋወቁት። በ2021 የወጣው አይፓድ ፕሮ ግን ውስጡ ያለው ቺፕ ማክቡክ ኤር የሚባለው የአፕል ላፕቶፕ ላይ የተገጠመው ያው ኤም 1 ነው። ጉልበቱ ከተስተካከለ ቆየ። ችግሩ ያለው ሶፍትዌሩ ላይ ነው።

የወር መጨረሻ ሪፖርትሽን እንውሰድ። የምትሠሩበት የኤክሴል ፋይል ማክሮ፣ ማለትም ተደጋጋሚውን ሥራ በራሱ የሚሠራ ትእዛዝ፣ እንዳለው ነግረሽኛል። አይፓድም ሆነ አንድሮይድ ታብሌት ላይ ያለው ኤክሴል ፋይሉን ይከፍትልሻል፤ ቁጥሩንም ታያለሽ። ማክሮውን ግን አያስኬድም። ላፕቶፕ ላይ በአንድ ጠቅታ የሚያልቀውን እዚያ በእጅሽ ልትለቅሚው ነው። ቀጥሎ ከኢሜይል የመጡትን ፒዲኤፎች ማውረድ፣ ስማቸውን መቀየር፣ አንድ ፎልደር ውስጥ መክተት፣ ከዚያ አያይዞ መላክ አለ። ታብሌት ላይም ይቻላል፣ ግን ከአፕ አፕ ስትመላለሺ ትውያለሽ። ከሁሉም የሚያናድደው ደግሞ ሌላ ነገር ለማየት ወጣ ብለሽ ስትመለሺ ገጹ እንደ አዲስ የሚከፈተው ነገር ነው። ግማሽ ድረስ የሞላሽው ፎርም ድራሹ ይጠፋል።

እርግጥ ነው፣ እየተሻሻለ ነው። የሳምሰንግ ታብሌቶች ዴክስ የሚሉት አሠራር አላቸው፤ አይፓድም ከ2025 ወዲህ መስኮቶችን እንደ ኮምፒውተር ደርድሮ ያሠራል። «ኪቦርድ እገዛለታለኋ» እንደምትዪም አውቃለሁ። ግዢለት፤ ግን ቀላል ነው ብለሽ የመረጥሽው ዕቃ ቀላል መሆኑ ያበቃል። ባለ 12.9 ኢንቹ አይፓድ ፕሮ ከአፕል ማጂክ ኪቦርድ ጋር ሲመዘን፣ 1.29 ኪሎ ከሆነው ማክቡክ ኤር ይበልጣል።

የማይክሮሶፍቱ ሰርፌስ ፕሮ ሌላ ነገር ነው። ታብሌት ይምሰል እንጂ ሙሉ ዊንዶውስ ነው የሚሠራበት። እሱን ካማረሽ አልቃወምም። ብቻ አንዳንዶቹ አርም የሚባል፣ ከተለመደው የዊንዶውስ ላፕቶፕ የተለየ ቺፕ ስላላቸው፣ የመሥሪያ ቤትሽ ፕሮግራምና ፕሪንተር ይሠሩበት እንደሆነ ቀድመሽ አጣሪ።

እናትሽን ብታዪያት ደግሞ የምለው ሁሉ ውድቅ ነው። ላፕቶፑን ከነካችው ስንት ጊዜዋ! ታነባለች፣ በቪዲዮ ትደውላለች፣ ኢሜይሏን ትመልሳለች፣ ፊልሟን ታያለች። ታብሌቷ ለሷ ከበቂ በላይ ነው። ረጅም ፒዲኤፍ ማንበብ፣ በብዕር ዳር ዳሩን መጫር፣ ሰነድ ላይ መፈረም ከሆነ እኔም የሷን ነው የምዋሰው። ላፕቶፕ ላይ ለአንዲት ፊርማ ማተም፣ መፈረም፣ እንደገና ስካን ማድረግ ምን አደከመኝ? ወንድምሽም የሚሥለው በታብሌት ነው፤ ላፕቶፕ ብትሰጪው አይቀበልሽም።

ያንቺ ሥራ ግን ሠንጠረዥና ፋይል ነው።

ለማንኛውም ከመግዛትሽ በፊት ሁለት ነገር አድርጊ። የሚቀጥለውን ሪፖርት ከጓደኛሽ በተዋስሽው ታብሌት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሥሪው። የት ላይ እንደምትቆሚ ያኔ ታውቂዋለሽ። ሁለተኛ፣ «አርጅቷል» ያልሽውን ላፕቶፕ አስፈትሺው። ውስጡ ያለው የድሮው ሃርድ ዲስክ ከሆነ፣ ኤስኤስዲ በሚባለው ፈጣን ዲስክ ሲቀየር ፍጥነቱን አታምኚውም። ባትሪውም ይቀየራል። ግን ዊንዶውስ 11 የማይቀበል ከሆነ ብዙ አትድከሚበት፤ ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 2025 ላይ አቁሟል። አዲስ ከሆነ የምትገዢው ራሙ 16 ጊጋ ይሁን። ብዙዎቹ ቀጫጭን ላፕቶፖች ላይ ራም በኋላ አይጨመርም።

ከሥሩ ያለውን ስቲከር ፎቶ አንሺና ሞዴሉን ላኪልኝ፤ ዲስኩ የትኛው እንደሆነ አየዋለሁ።

አባትሽ