ሁለተኛው ስክሪን ቅንጦት አይደለም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍላችሁ ስለ ትልቅ ጉዳይ አይደለም። ስለ ኮምፒዩተር ስክሪን ነው፤ እሱም ስለ ሁለተኛው። የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው፣ እንጀራዬ ትርጉም። ውል፣ የልደት ሰርተፊኬት፣ የፍርድ ቤት ውሳኔ፣ የድርጅት ሪፖርት፣ የመጣውን ሁሉ ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ፣ ከእንግሊዝኛም ወደ አማርኛ እመልሳለሁ።

ነገሩን የቀሰቀሱብኝ ጎረቤቴ ናቸው። ቡና ሊጠሩኝ ገብተው ጠረጴዛዬን አዩና «ልጄ፣ አንዱ አይበቃሽም? መብራቱስ አይቆጥርብሽም?» አሉኝ። ሳቅኩ። የእኔ ስክሪን ከ40 ዋት አይበልጥም፣ የእሳቸው ምጣድ ከ3000 ዋት በላይ ይበላል፤ ይሄንን ግን አልነገርኳቸውም፣ እንጀራቸውን ስለምበላ። በኋላ ሳስበው ያንኑ ጥያቄ ከዓመታት በፊት የቢሮ አለቃዬም ጠይቆኝ ነበር። ያኔ አልሳቅኩም።

ያኔ አንድ መሥሪያ ቤት ተቀጥሬ እተረጉም ነበር። ስሙ ይቅር። ሁለተኛ ስክሪን ይሰጠኝ ብዬ በደብዳቤ ጠየቅኩ። «አንድ ሰው ሁለት ስክሪን ምን ያደርግለታል?» ተባልኩ። መከልከሌ አይደለም ያናደደኝ። ንብረት ክፍሉ ጎን ባለችው ጠባብ ክፍል ኮምፒዩተራቸው የሞተ፣ እነሱ ግን ደህና የሆኑ ስክሪኖች ተደራርበው፣ «የሚወገድ» የሚል ወረቀት ተለጥፎባቸው አቧራ ይጠጣሉ። በየቀኑ ወደ ሻይ ቤት ስሄድ አያቸዋለሁ።

አንድ ስክሪን ላይ መተርጎም ምን እንደሚመስል ላልሠራበት ሰው ልናገር። ዋናው ጽሑፍ በአንድ መስኮት ተከፍቷል፣ ትርጉሜ በሌላ። አንዱን ዐረፍተ ነገር አነባለሁ፣ አልት እና ታብ ተጭኜ ወደ ትርጉሙ እሻገራለሁ፣ በጭንቅላቴ የያዝኩትን ሳይፈስ እጽፋለሁ፣ ከዚያ ተመልሼ የቱ ጋ እንደነበርኩ እፈልጋለሁ። ይሄ በቀን ስንት መቶ ጊዜ ነው። ከሰዓት በኋላ ዓይን ይደክማል፤ የደከመ ዓይን ደግሞ ያየውን ቃል ሲያገኝ አርፎ ይቆማል፣ ትክክለኛው ቦታ ይሁን አይሁን ግድ የለውም።

እኔን የጣለኝ አንድ የኪራይ ውል ነው። ሁለት ተከታታይ አንቀጾች «ተከራይ በራሱ ወጪ» ብለው ይጀምራሉ። የመጀመሪያው ስለ መስታወትና ቁልፍ ነው፣ ሁለተኛው ስለ ጣሪያና ቧንቧ። የመጀመሪያውን ጽፌ ስመለስ ዓይኔ ሁለተኛው ላይ አረፈና «ይሄንን ጨርሻለሁ» ብዬ አለፍኩ። ቁጥሩን ኮምፒዩተሩ በራሱ ስለሚሰጥ እንግሊዝኛዬ ከ1 እስከ 13 ቀጥ ብሎ ወጣ። ምንም የጎደለ አይመስልም። ጥፋቱን ያገኙት የአከራዩ ጠበቃ ናቸው። ሁለቱን ወረቀቶች ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን ዘርግተው በጣታቸው እየቆጠሩ ወረዱ፤ አማርኛው 14፣ እንግሊዝኛው 13። ቀና ብለው በመነጽራቸው በላይ አዩኝ፣ አንድ ቃል አልተናገሩም። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ከፊርማ በፊት ተደርሶበት ነው እንጂ ጣሪያው ያፈሰሰ ቀን ማን ያሠራው እንደነበር እንጃ።

ታዲያ ጠበቃው ምን አደረጉ? ጎን ለጎን ዘረጉት፣ በቃ። ከ1934 ዓ.ም. ጀምሮ የሚወጣውን ነጋሪት ጋዜጣ ገልጣችሁ እዩ፤ አማርኛው በግራ ዓምድ፣ እንግሊዝኛው በቀኝ፣ አንቀጽ በአንቀጽ ትይዩ ነው። የፌዴራሉን ነጋሪት ጋዜጣ ያቋቋመው የ1987ቱ አዋጅ ቁጥር 3 ሁለቱ ከተለያዩ አማርኛው ይገዛል ይላል፤ መለያየታቸውን የምናየው ግን ጎን ለጎን ስለተቀመጡ ነው። ግዕዝና አማርኛ በሁለት ዓምድ የታተሙትን የጸሎት መጻሕፍትም አስቧቸው። (ውጫሌን አላነሳም። ስለ ትርጉም የሚያወራ ሰው ሁሉ ያነሳዋል፣ አንቀጽ 17 ራሱ ሳይሰለቸው አይቀርም።)

ከዚያ ውል በኋላ መሥሪያ ቤቱን ተውኩና መርካቶ ሄጄ ያገለገለ ባለ 19 ኢንች ስክሪን ገዛሁ። በብርድ ልብስ ጠቅልዬ ጭኔ ላይ አድርጌ ከቃሊቲ ታክሲ ያዝኩ። ረዳቱ «እናቴ፣ ቲቪው የሰው ቦታ ይዟል፣ የሁለት ሰው ነው የምትከፍይው» አለኝ። ጭኔ ላይ እኮ ነው ብል ማን ይሰማኛል። ከፈልኩ። ቤት ስገባ ደግሞ የላፕቶፔ መሰኪያ ኤችዲኤምአይ ብቻ፣ የስክሪኑ ቪጂኤ ብቻ ሆነው ተገኙ፤ አይገጣጠሙም። በማግስቱ ሁለቱን ለሚያገናኘው ኮንቨርተር እንደገና መርካቶ።

ሰክቼ ስከፍተው ሁለቱም ላይ አንድ ዓይነት ነገር መጣ። ተታለልኩ አልኩ። የታችኛው ሕንፃ ልጅ መጥቶ የዊንዶውስን ቁልፍና ፒን አንድ ላይ ተጫነና «ኤክስቴንድ» የሚለውን መረጠልኝ፤ ያኔ ሁለተኛው የራሱ ሜዳ ሆነ። እዚህ ላይ የሚቀሩ ብዙ ሰዎች አሉ፣ ስክሪን ገዝተው ያንኑ ገጽ ሁለት ጊዜ እያዩ። የዊንዶውስን ቁልፍ፣ ሺፍትና የግራ ወይም የቀኝ ቀስትን አንድ ላይ ስትጫኑ ደግሞ የከፈታችሁት መስኮት ዘሎ ወደ ሌላው ስክሪን ይሄዳል። ልጁ ይሄንን ሲያሳየኝ እንደ ሕፃን አጨበጨብኩ።

አሁን ዋናው ጽሑፍ በተጨማሪው ስክሪን ነው፣ ትርጉሜ በላፕቶፑ። ይሄ ቦታ አመዳደብ ያለ ምክንያት አይደለም። መጀመሪያ በተቃራኒው ነበር የማደርገው። መብራት ሲጠፋ ላፕቶፑ በባትሪ ይቀጥላል፣ ስክሪኑ ግን ድርግም ይላል፤ ላፕቶፑም ይሄንን ስለማያውቅ የምጽፍበት መስኮት እዚያው ጨለማው ውስጥ ተከፍቶ ይቀራል። አንድ ቀን ማስረከቢያዬ ሰዓት ላይ ገጽ ሙሉ ሥራ አለ ግን አይታይም። ያው ፒ ነው መፍትሔው፤ ወደ ላፕቶፑ ብቻ መመለስ። ከዚያ ወዲህ የምጽፈው ባትሪ ያለው ላይ ነው፣ ሌላው ሄደ መጣ ብዙም አይደንቀኝ። መብራቱ ሲመለስ ደግሞ እየዘለለ ስለሚመጣ በስታብላይዘር ነው የሰካሁት። ዲቫይደር ብቻውን አይበቃም፣ ጎረቤቴ ቴሌቪዥናቸውን የከሰሩት በዚያ ነው።

ችግርም አለው። የመጀመሪያውን ወር ማጅራቴ ድንጋይ ሆነ፣ ቀኑን ሙሉ ወደ ግራ ዞሬ ስለምውል። የምጽፍበትን ፊት ለፊቴ፣ የማነበውን አጠገቡ ትንሽ ወደ እኔ ዘንበል አድርጌ ሳስቀምጥ ተወኝ። ላፕቶፑ ዝቅ ስለሚል ከሥሩ ሁለት አሮጌ የስልክ ማውጫ አድርጌ ከፍ አድርጌዋለሁ፣ የምጽፈውም ለብቻው በሰካሁት ኪቦርድ ነው። ሌላው ጣጣ ቴሌግራም ነው፤ ባዶ ስክሪን ያየ እጅ እዚያ ሊከፍተው ይፈልጋል።

አንድ የሥራ ባልደረባዬ «የትርጉም ሶፍትዌሮቹ፣ እነ ትራዶስ፣ እነ ሜሞኪው፣ በነጻ የሚገኘው ኦሜጋቲ እንኳ ዋናውንና ትርጉሙን በአንድ ስክሪን ያሳዩሽ የለ?» ትለኛለች። ያሳያሉ፣ ጽሑፉ ንጹሕ ፋይል ሆኖ ከመጣ። እኛ ጋ የሚመጣው ግን በስልክ የተነሳ ፎቶ ነው፤ ጥግ የታጠፈ፣ ማኅተሙ ስሙ ላይ የተመታ፣ ግማሹ በእጅ የተጻፈ። ሶፍትዌሩ ምኑን ያነበዋል? ማኅተሙን አጉልቼ «ወልደ» ይሁን «ወለተ» ለመለየት አንድ ሙሉ ስክሪን ያስፈልገኛል። ቀኑም አለ። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 (ከጳጉሜ 6 ቀጥሎ ባለው ዓመት እስከ 21) ሰባት ዓመት እጨምራለሁ፣ ከዚያ በኋላ ስምንት። ቀን መቁጠሪያው አጠገቤ ካልተከፈተ በአንድ ዓመት መሳሳት ዓይን ጨፍኖ ነው፤ በልደት ሰርተፊኬት ላይ የአንድ ዓመት ስህተት ደግሞ ኤምባሲ በር ላይ ምን እንደሚያመጣ የደረሰበት ያውቀዋል።

ጎግል ትራንስሌትም በ2008 ዓ.ም. አማርኛን ከጨመረ ወዲህ ሥራው ሌላ መልክ ይዟል። ደንበኛው በማሽን አስተርጉሞ «አንዴ ዓይተሽ አስተካክይልኝ» ብሎ ይልካል። ማሽኑ ልስልስ ያለ ዐረፍተ ነገር ስለሚጽፍ ትርጉሙን ብቻ ያነበበ ሰው የተዘለለ ነገር እንዳለ አይጠረጥርም። ከዋናው ጋር ጎን ለጎን አድርጌ ነው የምይዘው።

ባለፈው ሳምንት የሥራ ልምድ ደብዳቤ ለማውጣት ወደዚያ መሥሪያ ቤት ሄጄ ነበር። እኔ ቦታ የተቀመጠችውን ልጅ ሰላም አልኳት። ዋናውን ጽሑፍ በወረቀት አትማ፣ ግድግዳው ላይ በፕላስተር ለጥፋ፣ በማስመሪያ መስመር በመስመር እየያዘች ትተረጉማለች። ወረቀቱን ከየት ታመጪዋለሽ ብላት «ከራሴ» አለችኝ። ስወጣ በዚያች ጠባብ ክፍል በኩል አለፍኩ። በሩ ገርበብ ብሏል። ስክሪኖቹ እዚያው ናቸው፣ ወረቀቱም አልተነሳም። ይሄን ጋዜጣ የምታነቡ የንብረት ክፍል ኃላፊዎች ካላችሁ፣ ከዚያ ክምር አንዱን ለልጅቷ አውጡላት፤ ኮንቨርተሩን እኔ እገዛላታለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት ተርጓሚ፣ ከቱሉ ዲምቱ