ስለ ጉድጓድ ውኃችን

ውድ አባላት፣

«ውኃው ጥርት ያለ ነው፣ ምን ሆነና?» ላላችሁን፦ ጣጣችን ናይትሬት ነው፤ ውኃ ውስጥ የሚሟሟ የናይትሮጅን ውህድ ሲሆን አይታይም፣ አይሸትም። የዓለም ጤና ድርጅት ገደብ በሊትር 50 ሚሊግራም ነው፤ የእኛ ከዚያ አልፏል። እንደ ብዙው የድሬዳዋ ጉድጓድ፣ ጣጣው የሚመጣው ከመጸዳጃ ጉድጓዶች ነው።

ማፍላት ዋጋ የለውም። እንዲያውም ውኃው ሲተን ናይትሬቱ ይጠነክራል። ውኃ አጋርም አይነካውም። ስለዚህ የጡጦ ወተት በዚህ ውኃ እንዳትበጠብጡ፤ ናይትሬት የሕፃኑ ደም ኦክስጅን እንዳይሸከም ያደርጋል።

ሁለት መንገድ ቀርቦልናል። አንደኛው ናይትሬቱን ይዞ በምትኩ ክሎራይድ የሚለቅ ማጣሪያ ነው። ሲሞላ በጨው ውኃ ይታጠባል። ግን ያ ናይትሬት የጠገበ እጣቢ የት ይደፋል? ሁለተኛው ባክቴሪያ ነው። ኦክስጅን በሌለበት አሴቲክ አሲድ ሲቀለብ ናይትሬቱን ወደ ናይትሮጅን ጋዝ ይለውጠዋል። እጣቢው ትንሽ ነው። ነገር ግን ቀለቡ ካነሰ ሥራው መንገድ ላይ ይቀርና ከናይትሬት የባሰ ናይትራይት ይተርፋል። ከዚያም ማጣራትና ክሎሪን የግድ ነው። ቋሚ ባለሙያ ሳንቀጥር ባንሞክረው ይሻላል ባይ ነኝ።

«በብረት ብናኝ እናጥራው» ያላችሁም አላችሁ። አብዛኛውን ናይትሬት ወደ አሞኒየም፣ ማለትም እዚያው ውኃው ውስጥ ወደሚቀር ሌላ የናይትሮጅን ውህድ ስለሚቀይረው ትተነዋል።

ቅዳሜ እንወስናለን። ከጉድጓዱ አጠገብ ሽንት ቤት ሊያስቆፍር ያሰበ ካለ ግን እባካችሁ ከዚያ በፊት ያነጋግረን።