ውሻ ሁዳዴ አይጾምም

ለተከበራችሁ የዝግጅት ክፍል፦

ሁዳዴ ከገባ ወዲህ የጎድን አጥንቱ የሚቆጠር ውሻ በየሰፈሩ በዝቷል። «በራችን ላይ አንድ ውሻ ወድቋል፤ ባለቤቱ ምን ዓይነት ጨካኝ ነው?» ብሎ የሚጠይቀንም እንዲሁ በዝቷል። ቁጭቱ ይገባናል። ሆኖም በቸኮለ ደግነት የሚሞት ውሻም አለና፣ ከሥራችን የምናውቀውን ለአንባቢዎቻችሁ ብናካፍል ብለን ይህን ጻፍን።

አዲስ አበባ ውስጥ መንገድ ላይ የሚታየው ውሻ ሁሉ ባለቤት የሌለው አይደለም። ብዙው ቀን ታስሮ ውሎ ማታ የሚለቀቅ፣ ወይም በሩ በተከፈተ ቁጥር የሚወጣ የሚገባ የሰው ውሻ ነው። ከቤት የሚጣልለትን ፍርፋሪ የሚያሟላው ከልኳንዳ ቤት ደጃፍና ከምግብ ቤት ጓሮ በሚለቅመው ነው። ሁዳዴ ሲገባ ለ55 ቀን ብዙው ልኳንዳ ይዘጋል፤ የምግብ ቤቱም ትራፊ ሽሮና ምስር ይሆናል። ባለቤቱ የሚሰጠውን አልቀነሰም፤ ውሻው ግን ዋናው ቀለቡ ተቋርጦበታል። 15 ኪሎ የሚመዝን ጎልማሳ ውሻ በቀን ወደ 900 ኪሎ ካሎሪ ይፈልጋል። ከምሳ የተረፈ አንድ ጭብጥ ፍትፍት እዚያ አይደርስም።

ስለዚህ ፍርድ ከመስጠትዎ በፊት ይመልከቱት። ጠጉረ ብዙ ውሻ ከስቶም ወፍራም ይመስላል፤ እውነቱን የሚናገረው እጅ ነው። ውሻው የሚያስነካ ከሆነ በጎድኑ ላይ ጣትዎን ያሂዱ፤ ቀጥሎ የራስዎን እጅ ይዳስሱ። ጎድኑ ከተጨበጠ እጅ የጣት አንጓዎች ጋር ከተመሳሰለ ከስቷል፤ እንደተዘረጋ እጅ ጀርባ ከሆነ ደህና ነው፤ እንደ መዳፍ ከለሰለሰ ወፍሯል። አከርካሪው፣ ዳሌውና ጎድኑ ከሩቅ እየታዩ ጭኑ ላይ ሥጋ ከሌለው ግን ጉዳዩ የጾም ብቻ አይደለም። ድዱንም ይዩ፤ ጤነኛው ሮዝ ነው፤ የነጣ ድድ ደም ማነስ ነው፤ ከጀርባው ብዙ ጊዜ መዥገር፣ ቁንጫ ወይም የሆድ ትል አለ። ጥፍሩም ይናገራል፦ ያደገና የተቆለመመ ከሆነ ታስሮ የሚውል ውሻ ነው፤ ያለቀ ከሆነ አስፋልት ላይ የሚዞር ነው። አንገቱ ላይ ጠጉር የሌለበት ቀለበት ካዩ ሰንሰለት ወይም ሽቦ ነበረበት። ሽቦው ቆዳው ውስጥ ከገባ አይጎትቱት፤ ወደ እንስሳት ሐኪም ይውሰዱት።

አቀራረብዎ ፊት ለፊት አይሁን። ጎንዎን ሰጥተው ዝቅ ይበሉ፣ ዓይን ለዓይን አይተያዩ፣ ምግቡን ከሦስት አራት ሜትር ርቀት ወርውሩለት እንጂ በእጅዎ አይስጡት፤ ጥግም አያስይዙት። እየበላ ሳለ ማንም አይንካው፤ ልጆች በተለይ።

አንድ ነገር ሳይታለፍ ይነገር። አገጩ ተንጠልጥሎ፣ ለሃጩ እየተዝረበረበ፣ መዋጥ ያቃተው ውሻ ሲታይ «አጥንት አንቆት ነው» ብሎ እጁን አፉ ውስጥ የሚከት ሰው አለ። የእብድ ውሻ በሽታ ሁልጊዜ በመናከስ አይመጣም፤ ዝም የሚያሰኘው፣ መንጋጋን ሽባ የሚያደርገው መልኩም አለ። አመሉ ድንገት የተለወጠ፣ ያለምክንያት የሚቅበዘበዝ፣ ወይም ዱሮ ሰው የሚሸሽ ሆኖ ዛሬ የሚጠጋ ውሻ ከሆነ ይራቁ። ከነከሰ ወይም ቁስል ከላሰ ቁስሉን ለ15 ደቂቃ በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ይጠቡ፤ ያን ዕለት ጤና ተቋም ይሂዱና ክትባት ይጀምሩ። ጸበሉን የሚፈልግ ጸበሉን ይጠጣ፣ ክትባቱን ግን አያዘግይ፤ ምልክቱ ከታየ በኋላ ሰው የሚድንበት መንገድ የለምና። ውሻውን ቸኩሎ መግደልም ጉዳት አለው። ታስሮ 10 ቀን ቢታይና ጤነኛ ቢሆን በነከሰበት ሰዓት ለሃጩ ውስጥ ተሐዋሲው አልነበረም ማለት ነው። ከሞተ ደግሞ የሚመረመረው አንጎሉ ነውና ጭንቅላቱ መመታት የለበትም፤ ምርመራው የሚሠራው ፓስተር እያልን በምንጠራው የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ነው።

ወደ ምግቡ። እዚህ ላይ ነው ደግ ሰው የሚሳሳተው። ለቀናት እህል ያልቀመሰ፣ አጥንትና ቆዳ ብቻ የቀረው ውሻ የራሱን ስብና ጡንቻ እየበላ የቆየ ነው። ድንገት እንጀራ፣ ዳቦ፣ ስኳር የገባበት ወተት በሳህን ሙሉ ሲቀርብለት ኢንሱሊኑ ይንራል፤ ኢንሱሊኑ በደሙ የቀረውን ፎስፈረስ፣ ፖታሲየምና ማግኒዥየም ጠርጎ ወደ ሴሎቹ ያስገባዋል። ደሙ ከእነዚህ ሲራቆት ጡንቻው ይዝላል፣ ልቡ ምቱን ያዛባል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ይወድቃል። ይህ በመጀመሪያዎቹ አምስት ቀናት ውስጥ ስለሚመጣ «መብላት ጀምሮ ነበር እኮ፣ ምን ነካው?» ይባላል። የገደለው አበላሉ ነው።

10 ኪሎ የሚመዝን ውሻ ተኝቶ እንኳ ወደ 400 ኪሎ ካሎሪ ያስፈልገዋል። በመጀመሪያው ቀን የዚህን ሩብ ብቻ ይስጡት፦ አንድ የተቀቀለ እንቁላልና ከ20 ግራም ያልበለጠ የተቀቀለ ጮማ አልባ ሥጋ፣ ከአራት እስከ ስድስት ጊዜ ተከፋፍሎ። በሁለተኛው ቀን ግማሹን፣ በሦስተኛው ሦስት አራተኛውን፣ በአራተኛው ሙሉውን። ቢዘገይ ይሻላል እንጂ አይፍጠን። ሩዝና እንጀራ ከአራተኛው ቀን በኋላ ይጨመራሉ። ወተት የለመደ ካልሆነ ያስቀምጠዋል። ንጹሕ ውኃ ግን ከመጀመሪያው ሰዓት ጀምሮ ይቅረብለት፤ 15 ኪሎ ውሻ በቀን ከሦስት ሩብ እስከ አንድ ሊትር ይጠጣል። ከተንገዳገደ ወይም ትንፋሹ ከፈጠነ ምግቡን አቁመው ወደ ሐኪም ይሂዱ። እንዲህ የሚጠነቀቁለት እጅግ ለተጎዳው ነው፤ መጠነኛ ክሳት ላለበት ቀለቡን ሁለት ጊዜ ከፍሎ መስጠት ይበቃል።

አሁን ባለቤቱ። ውሻውን ወደ ግቢ አስገብቶ በር መዝጋት ባለቤቱ ፍለጋ ሲዞር እንዲውል ያደርጋል። ምርጡ ዘዴ ወረቀት ነው። የሚያስነካና ጤነኛ የሚመስል ውሻ ከሆነ በቁራጭ ወረቀት ላይ «ይህ ውሻ የእናንተ ነው? እባክዎ ይደውሉልኝ» ብለው ስልክዎን ይጻፉ፤ እንዳይረጥብ በፕላስተር ይሸፍኑትና በፋሻ ቁራጭ አንገቱ ላይ ይሠሩለት። ሁለት ጣት የሚያስገባ ይሁን፤ አጥር ላይ ቢያዝ እንዲበጠስም ፋሻ እንጂ ሽቦ ወይም ሲባጎ አይሁን። ከዚያ ይልቀቁት። ቤት ያለው ውሻ ወደ በሩ ይመለሳል፤ ስልኩ ካልጠራ ባለሱቁን፣ ጀበና ቡና የምታፈላዋን፣ የግቢ ዘበኞችን ይጠይቁ። የሰፈርን ውሻ ከእነሱ የተሻለ የሚያውቅ የለም።

ባለቤቱን ሲያገኙ «ምነው አስራባችሁት?» ብለው አይጀምሩ። ከዚያ በኋላ እውነት አይነገርዎትም። «ከስቶ አየሁት፤ አመመው እንዴ?» ቢሉ ይሻላል። ቀጥለው ማን እንደሚያበላው ይጠይቁ። ብዙ ተከራይ ባለበት ግቢ የምናገኘው መልስ አንድ ነው፦ ሠራተኛዋ ዘበኛው ያበላዋል ብላ ታስባለች፣ ዘበኛው ሠራተኛዋ ታበላዋለች ይላል፣ አከራይዋ እማማ ሁለቱም ያበሉታል ብለው አምነዋል። ጭካኔ የለም፤ ኃላፊ የለም። አንድ ሰው ተለይቶ ይሰየም፣ ሰዓቱም ይወሰን። የውኃው ዕቃ ሰንሰለቱ ጎትቶ የሚደፋው ቀላል ጣሳ ከሆነ ከባድ ሸክላ ይሁን፤ በአሮጌ ጎማ መካከል የተቀመጠ ሳፋም ይሆናል።

በደንብ እየበላ የሚከሳ ውሻ ብዙ ጊዜ ትል አለበት ወይም እያጠባች ያለች እናት ናት። ምግብ እያየ የማይበላ ከሆነ አፉን ሐኪም ይይለት፤ በላይኛው መንጋጋ ጥርሶች መካከል ላንቃው ላይ ተሻግሮ የተቀረቀረ አጥንት ብዙ ጊዜ እናገኛለን። የጾም ፍትፍትም መዘዝ አለው፣ ቁሌቱ። ሽንኩርት በውሻው ክብደት በየኪሎው ከ15 እስከ 30 ግራም ሲደርስ ቀይ የደም ሴሉን ያፈርሳል፤ ለ15 ኪሎ ውሻ ሁለት ሦስት ራስ ሽንኩርት ማለት ነው። በአንድ ቀን ያን ያህል አይበላ ይሆናል፤ በየቀኑ የሚገባው ግን ይጠራቀማል። ለእሱ የሚሆነው ባቄላ ወይም ምስር ሽንኩርትና በርበሬ ሳይነካው ለብቻው ይቀቀል፤ እንቁላልም ይጨመርለት።

በመድኃኒት በኩል የጎረቤት ምክር ጥፋት ያመጣል። ለእከክ የተቃጠለ የሞተር ዘይት መቀባት ቆዳውን ያቃጥላል፤ ሲልሰውም ይመርዘዋል። ለከብት የሚረጨውን የመዥገር መርዝ፣ ዲያዚኖን፣ ውሻ ላይ ማፍሰስ ለሃጭ ያስዝረበርባል፣ ያንቀጠቅጣል፣ ይገድላል። ለከብት የሚሸጠው 1 በመቶ የኢቨርሜክቲን መርፌ መጠኑ 1 ሚሊ ሊትር ለ50 ኪሎ ነው፤ 10 ኪሎ ውሻን 1 ሚሊ ሊትር የወጋ ሰው አምስት እጥፍ ሰጥቷል። ለሕፃናት የተገዛ የወስፋት መድኃኒት፣ አልቤንዳዞልም፣ የውሻን መቅኔ ሊጎዳ ይችላል። የወስፋት መድኃኒት ደግሞ የኮሶ ትሉን አይነካውም፤ ለእሱ ፕራዚኳንቴል በየኪሎው 5 ሚሊ ግራም ነው። ሐኪም መዝኖ ይስጠው። ከአዲስ አበባ ውጪ ላላችሁ በቢሾፍቱና በጎንደር የእንስሳት ሕክምና ኮሌጆች አሉ።

የመጨረሻው ጉዳይ ሳንባ ነው፤ እኛን የሚያሳስበንም ከሁሉ በላይ ይኸው ነው። ውሻ ያለው ሰው ከልኳንዳ ርካሽ ሳንባ ገዝቶ ጥሬውን ይሰጣል። በበግና በከብት ሳንባና ጉበት ላይ ውኃ የቋጠረ፣ ነጭ ሽፋን ያለው፣ ከአተር እስከ ሎሚና ከዚያም በላይ የሚያክል ቋጠሮ አይታችሁ ይሆናል። ውስጡ የውሻ ኮሶ ትል እጭ ነው። ውሻው ሲበላው አንጀቱ ውስጥ ትል ይሆናል፤ ዓይን የማያየው እንቁላሉ ከዓይነ ምድሩ ጋር ይወጣል፣ በጠጉሩም ላይ ይጣበቃል። ውሻውን ዳብሶ እጁን ሳይታጠብ የበላ ልጅ ጉበት ወይም ሳንባ ላይ ያው ቋጠሮ ያድጋል፤ ዓመታት ቆይቶ በቀዶ ሕክምና የሚወጣበት ጊዜ አለ። ሳንባና ጉበት በትንንሹ ተቆርጦ ከፈላ በኋላ 30 ደቂቃ ይቀቀል።

ሁዳዴው ሲፈታ በየግቢው በግ ይታረዳል። ቋጠሮ ያለበትን ሳንባና ጉበት ወደ ቦይ ወይም ወደ ቆሻሻ ገንዳ አይጣሉ፤ ውሻ ቆፍሮ እንዳያወጣው ከግማሽ ሜትር በላይ ጠልቆ ይቀበር። የተቀቀለ የዶሮ አጥንት ተሰንጥቆ አንጀት ይወጋልና አይስጡ። 55 ቀን ፍትፍት ሲበላ ለቆየ ውሻም በአንድ ሌሊት የሰባ ትራፊ አይደፋለት፤ ትውከትና የቆሽት ሕመም ይዞ ነው ማክሰኞ እኛ ዘንድ የሚመጣው።

ሁለት የእንስሳት ሐኪሞች
ከአዲስ አበባ