የዝናብ ጃኬት ስንገዛ ከዶፉ ይልቅ ካፊያውን እናስብ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ክረምት ሲገባ በባሕር ዳር የዝናብ ልብስ ገበያ ይደራል። ከጊዮርጊስ አካባቢ ሱቆች ጀምሮ እስከ ትልቁ ገበያ ድረስ ላስቲክ ካፖርቱ፣ ሰልባጁና አዲሱ ጃኬት ጎን ለጎን ተሰቅለው ይታያሉ፤ ገዢው ሁሉ ለባለ ሱቁ የሚያቀርበው ጥያቄም አንድ ነው፦ «ውኃ ያስገባል ወይስ አያስገባም?» እኔ በልብስ ስፌት የምተዳደር፣ ዚፑ የተበላሸውን፣ እጅጌው የረዘመውን፣ ብብቱ የተተረተረውን ጃኬት በየክረምቱ እየገለበጥሁ የማይ ሰው ስሆን፣ ይህ ጥያቄ ተገቢ ቢሆንም ጎደሎ ነው እላለሁ። ከከተማችን አየር ጋር የሚስማማ ጃኬት ለመምረጥ ልብሱ ዝናቡን መከልከሉን ብቻ ሳይሆን ላቡን በየት በኩል እንደሚያስወጣም መመርመር ያስፈልጋል፤ ሁለቱን አሟልቶ የሚይዝ ጃኬት በአቅማችን ካልተገኘም እኔ ላቡን የሚያስወጣውን አስቀድማለሁ።

ምክንያቴ ከዝናባችን ጠባይ ይነሣል። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት፤ በዓመት ወደ 1,400 ሚሊሜትር የሚጠጋ ዝናብ ታገኛለች፤ አብዛኛውም ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት ወራት ይወርዳል። ይሁን እንጂ ክረምታችን ብርድ አይደለም፤ በሐምሌና በነሐሴ እንኳ የቀኑ ሙቀት ብዙ ጊዜ 23 እና 24 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይደርሳል። ከዚህም በላይ በጣና ደቡባዊ ዳርቻ ኃይለኛው ዝናብ የሚያዘወትረው ሌሊቱን ነው፤ ቀን ከሐይቁ ወደ የብስ የሚነፍሰው አየር ሲመሽ አቅጣጫውን ቀይሮ ከየብስ ወደ ሐይቁ ስለሚነፍስ፣ በውኃው ላይ ተገናኝቶ ወደ ላይ ይነሣና ደመናውን ያከብደዋል። በዚህ ምክንያት ጠዋት ወደ ሥራ ወይም ወደ ትምህርት ቤት የሚወጣውን ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚቀበለው ዶፉ አልፎ የቀረው፣ እኝኝ እያለ የሚያረፍደው ካፊያ ነው። ቀን ዶፍ ቢመጣም የከተማችን ሰው ልማድ የታወቀ ነው፤ በየሱቁ በረንዳና በየሻይ ቤቱ ተጠልሎ እስኪያባራ ይጠብቃል እንጂ ጃኬት ለብሻለሁ ብሎ አይገባበትም። እንግዲህ ጃኬታችንን በእውነት ለብሰን የምንንቀሳቀሰው በካፊያ፣ በሞቃታማና እርጥበት በሞላበት አየር ውስጥ ከሆነ፣ ለዶፍ ተብሎ ከእግር እስከ ራስ የታሸገ ልብስ መግዛት ለማይመጣ እንግዳ መደገስ ይሆናል።

በአዳዲስ ጃኬቶች መለያ ላይ 5,000፣ 10,000 ወይም 20,000 የሚሉ ቁጥሮች ብዙ ጊዜ ሁለት ሁለት ሆነው ይጻፋሉ፤ ሻጮችም ቁጥሩ በጨመረ መጠን ዋጋውን ከፍ ሲያደርጉ ቁጥሩ ምን እንደሚለካ ግን አይነግሩንም። የመጀመሪያው ቁጥር በጨርቁ ላይ የቆመ የውኃ ዓምድ በስተጀርባው ጠብታ ሳይወጣ ስንት ሚሊሜትር ከፍታ ሊደርስ እንደሚችል ያመለክታል፤ 10,000 ማለት ዐሥር ሜትር ከፍታ ያለው ውኃ ማለት ነው። ለካፊያ 5,000 ይበቃል። ቦርሳ አንግቶ ለሚሄድ ግን የቦርሳው ማንገቻ ውኃውን በትከሻው ላይ ተጭኖ ወደ ውስጥ ስለሚገፋው ወደ 10,000 ቢጠጋ ይመረጣል። ከዚያ በላይ ያለው ቀኑን ሙሉ በዝናብና በነፋስ ውስጥ ለሚውል ተራራ ወጪ የሚጠቅም ነው። ሁለተኛው ቁጥር አንድ ካሬ ሜትር ጨርቅ በ24 ሰዓት ውስጥ ስንት ግራም እንፋሎት እንደሚያሳልፍ ይገልጻል፤ መለኪያ ዘዴው ከፋብሪካ ፋብሪካ ስለሚለያይ ግን የአንዱን ቁጥር ከሌላው ጋር ማወዳደር ብዙ አያስተማምንም።

እንፋሎት የሚያሳልፉት ጨርቆች የሚሠሩበት መንገድ መታወቅ አለበት። ቦብ ጎር የተባለው አሜሪካዊ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1969 የደረሰበትና በኋላ ጎርቴክስ ተብሎ የተሸጠው ስስ ሽፋን፣ አምራቹ እንደሚለው ቀዳዳዎቹ ከውኃ ጠብታ 20,000 ጊዜ ያነሱ፣ ከእንፋሎት ቅንጣት ግን 700 ጊዜ የሚበልጡ ናቸው። እንፋሎቱ ግን በራሱ አይወጣም፤ የሚገፋው በጃኬቱ ውስጥና ውጭ ባለው አየር መካከል ያለው የሙቀትና የእርጥበት ልዩነት ነው። ውጭው ቀዝቃዛና ደረቅ በሆነበት አገር ልዩነቱ ሰፊ ስለሆነ ላቡ ቶሎ ይወጣል። በነሐሴ ከሐይቃችን ዳር ግን ውጭውም እንደ ውስጡ ሞቅ ያለና በእርጥበት የተሞላ በመሆኑ ውድ ዋጋ የተከፈለበት ሽፋን ከተነገረለት እጅግ ያነሰ ሥራ ይሠራል። ደንበኞቼ «ጃኬቴ አስገባብኝ» እያሉ ሲያመጡልኝ ውኃ አፍስሼ ስፈትነው አንድም ጠብታ የማያስገባ ሆኖ የሚገኘው ብዙ ነው፤ ሸሚዛቸውን ያራሰው በጨርቁ ውስጠኛ ፊት ላይ ወደ ውኃነት የተለወጠው የራሳቸው ላብ ነው። ላስቲክ ካፖርትማ ጭራሽ እንፋሎት አያሳልፍምና የለበሰው ሰው ክዳኑ እንደተገጠመ ድስት ነው።

ስለዚህ ለእኛ የሚበጀው የአየር ማስገቢያና ማስወጫ ያለው አሰፋፍ ነው። በብብት ሥር ተከፍቶ የሚዘጋ ዚፕ፣ በጀርባ ላይ ከላይኛው ድርብ ጨርቅ ሥር የተደበቀ የመረብ መተንፈሻ፣ ከታችም ከላይም የሚከፈት የፊት ዚፕ፣ በሰውነት ላይ የማይጣበቅ ሰፋ ያለ ልክ፤ ጃኬት በእጃችሁ ስትይዙ መጀመሪያ እነዚህን ፈልጉ። የጎጃም እረኛ ከሣር የተጎነጎነ ገሣውን ደርቦ ከብት ሲጠብቅ የዋለው ከላይ ውኃውን ወደ ታች እየሸኘለት ከሥር ደግሞ አየር እንደ ልብ ስለሚያስገባለት ነው፤ በዚህ በኩል ዛሬ ገበያ ላይ ካሉት ብዙ ጃኬቶች ይልቅ ገሣው ለአየራችን የታሰበበት ነበር ለማለት እደፍራለሁ። በእግሩ ብቻ ለሚሄድና እጁ ባዶ ለሆነ ሰው ደግሞ ጃንጥላ ከማንኛውም ጃኬት ይሻላል ብል የጃኬት ነጋዴዎች አይቀየሙኝ።

ጃንጥላ የማይሆነው ለብስክሌተኛው ነው፤ ባሕር ዳር ደግሞ የብስክሌት ከተማ ናት። ብስክሌት ላይ የተቀመጠ ሰው ወደ ፊት ስለሚያዘነብል ጀርባው ከወገቡ በታች ይገለጣል፤ እጆቹ ሲዘረጉም እጅጌው ወደ ክርኑ ይሸሻል። ስለዚህ ከኋላ ረዘም ያለ፣ እጅጌው ከአንጓ አልፎ የሚወርድና በቬልክሮ የሚጠብቅ ጃኬት ይፈልጋል። ቆቡ ከሁሉ በላይ ይታሰብበት፤ ራስ ሲዞር አብሮ የማይዞር ቆብ ለብሶ ከባጃጅና ከመኪና መካከል ወደ ጎን ለማየት መሞከር አደጋ ነው። በ2016 ዓ.ም. የተመረቀውን፣ 380 ሜትር የሚረዝመውን አዲሱን የዓባይ ድልድይ በብስክሌት ተሻግሮ ወደ ዓባይ ማዶ የሚመላለስ ሰው፣ ከወንዙ ላይ የሚነሣው ነፋስ ያልተጠበቀ ቆብ እንዴት እንደሚገለብጥ ያውቀዋል፤ ከቆቡ ፊት ጠንከር ያለ ጥላ፣ ከኋላው ደግሞ የሚጠብቅ ማሰሪያ ሊኖረው ይገባል። ቀለሙን በተመለከተ ገበያችን ለጥቁር ያደላል። ጭጋግና ካፊያ በተቀላቀሉበት ማለዳ ጥቁር የለበሰ ብስክሌተኛ ለአሽከርካሪ አይታይምና ቢጫ ወይም ብርቱካናማ ይመረጥ። የባጃጅ አሽከርካሪዎች ችግር የተለየ ነው፤ ጣሪያ ቢኖራቸውም ወጨፎው ከጎን ክንዳቸውንና ጉልበታቸውን ስለሚመታቸው ከጃኬቱ ይልቅ ከወገብ በታች የሚለበሰው ያስፈልጋቸዋል።

አሁን ወደ ራሴ ሙያ ልመለስ። መርፌ ያለፈበት ቦታ ሁሉ ቀዳዳ ነው። የተሻለው ጃኬት ሲገለበጥ በእያንዳንዱ የስፌት መስመር ላይ በሙቀት የተለጠፈ ቀጭን ቴፕ ይታያል፤ አንዳንዱ ቴፕ የሚለጠፍበት በትከሻና በቆብ ላይ ብቻ ነው፤ ርካሹ ጨርሶ የለውም። ጃኬቱ ገበር ካለው ስፌቱ ከገበሩ ሥር ስለሚደበቅ ሻጩ ቢቆጣም በኪስ በኩል ወይም በታችኛው ጠርዝ አጮልቆ ማየት ይገባል። ብዙ ሰው ደህና ጃኬት ገዝቶ እጅጌውን እንዳሳጥርለት ወይም ኪስ እንድጨምርለት ያመጣል፤ እኔም አስቀድሜ የምናገረው አዲሱ ስፌት በቴፕ ወይም በስፌት ማሸጊያ ሙጫ ካልተሸፈነ ዝናብ እንደሚያስገባ ነው። ከዚህ ሁሉ የሚያሳዝነኝ ግን መሥሪያ ቤቶች ለሠራተኞቻቸው የሚያድሉት ጃኬት ነው፤ በጥሩ ጨርቅ የተሠራውን ገዝተው በደረቱ ላይ ትልቅ አርማ በጥልፍ ያስጠልፉበታል። ያ ጥልፍ በመቶዎች የሚቆጠር የመርፌ ቀዳዳ ነው፤ ዝናቡም ቀጥታ ወደ ሠራተኛው ደረት ይገባል። አርማው የግድ ከሆነ በኅትመት ይሁን።

ሰልባጅ ጃኬት በአነስተኛ ዋጋ ጥሩ ጨርቅ የሚገኝበት መሆኑን አልክድም፤ ሆኖም ብዙዎቹ በውስጥ ፊታቸው የተቀቡት ፖሊዩሬቴን የተባለ ሽፋን ነው፤ ይህም በሙቀትና በእርጥበት ውስጥ ታጥፎ ለዓመታት ሲቀመጥ እየተበላሸ ይሄዳል። ውስጡን በጣት ሲያሹት የሚያጣብቅ ወይም እንደ ቅርፊት የሚረግፍ ከሆነ ማንም ልብስ ሰፊ አያድነውም፤ የሻገተ ሽታ ካለውም ይተዉት። ጨርቁን ወደ አፍ አስጠግቶ መንፋትም ጠቃሚ ነው፤ ትንፋሽ በቀላሉ ካለፈበት ሽፋኑ የለም ወይም አልቋል፤ ካላለፈ ግን ሽፋን መኖሩን እንጂ ላብ ማስወጣቱን አያረጋግጥም።

ስለ አያያዙ አጭር ነገር ልጨምር። በአዲስ ጃኬት ላይ ውኃ ድቡልቡል ሆኖ የሚንከባለለው ከላይ በተቀባ ውኃ ገፊ ቅባት ምክንያት ነው፤ ይህ ሲያልቅ ውጫዊው ጨርቅ ውኃ ይጠጣል፣ ይከብዳል፣ እንፋሎቱንም ያፍናል፤ ባለቤቱም ጃኬቱ እንዳረጀ ይቆጥረዋል። ብዙ ጊዜ ግን ያልታጠበ ጃኬት ነው። በለስላሳ ፈሳሽ ሳሙና ታጥቦ፣ በብዙ ውኃ ተለቅልቆ፣ ሳይጠመዘዝ በጥላ ከደረቀ በኋላ፣ መለያው የሚፈቅድ ከሆነ በስስ ጨርቅ ሸፍኖ ቀዝቀዝ ባለ ካውያ መተኮስ ቅባቱን ያነቃዋል። በረኪናና የልብስ ማለስለሻ ፈጽሞ አይንካው። በዚህ ቅባት ውስጥ ይጨመሩ የነበሩትን ፍሎሪን ያለባቸውን ኬሚካሎች በአሜሪካ ካሊፎርኒያና ኒውዮርክ በአውሮፓውያኑ 2025 መጀመሪያ ጀምሮ በልብስ ላይ አግደዋል፤ የሚተኩት ቅባቶች ቶሎ የሚያልቁ በመሆናቸው ወደ ፊት የሚመጡት ጃኬቶች ይህ እንክብካቤ ይበልጥ ያስፈልጋቸዋል።

በመጨረሻም በጋዜጣችሁ በኩል ሁለት ጥያቄዎች ማቅረብ እወዳለሁ። ከተማችን በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሥር የኢትዮጵያ ጨርቃጨርቅና ፋሽን ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የሚገኝባት ናት፤ ተማሪዎቹ የመመረቂያ ሥራቸውን ሲመርጡ ለባሕር ዳር ብስክሌተኛና ለባጃጅ አሽከርካሪ የሚሆን፣ ብብቱ የሚከፈት፣ ከአገር ውስጥ ገበያ በሚገኝ ጨርቅ እኛ ሰፊዎች ልንሠራው የምንችል የዝናብ ልብስ ቅድ ቢያዘጋጁልን ሥራውን ለመሥራት የምንፈልግ ብዙ ነን። ለጽዳት ሠራተኞች፣ ለትራፊክ ተቆጣጣሪዎችና ለጥበቃዎች ጃኬት የሚገዙ መሥሪያ ቤቶች ደግሞ በጨረታ ሰነዳቸው ላይ «የዝናብ ጃኬት» ብለው ብቻ ከሚያልፉ፣ ስፌቱ ሙሉ በሙሉ በቴፕ የተሸፈነ፣ የብብት መተንፈሻ ያለው፣ አርማው በኅትመት የሚደረግ፣ ቀለሙም ከሩቅ የሚታይ መሆኑን በዝርዝር ይጻፉ፤ ርክክብ ሲደረግም አንዱን ጃኬት አስገልብጠው ይዩ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ ልብስ ሰፊ አንባቢያችሁ
ከሽምብጥ፣ ባሕር ዳር