ከጅዳ፣ ለእማዬ

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ፣ ሐይቅ።

እማዬ፣ እንዴት ከረምሽ? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ነገሩ በስልክ የሚወራ ስላልሆነ ወደ አገር በምትገባ ልጅ እጅ ጻፍኩልሽ። የምታነብልሽ እህቴ ናት። ስለ እሷ ያልኩት ጋ ስትደርስ ዘላ እንዳታልፍ ተቆጫት።

ሰንበቴ ላይ "ልጅሽ ማተቧን በጥሳ ሰልማለች" እንዳሉሽ ሰማሁ። ያ የሂጃብ ፎቶዬ ነው ያመጣው። አልሰለምኩም። ግን በአንድ ቃል የሚዘጋ ነገር አይደለምና ልንገርሽ።

ኢቃማዬ (የመኖሪያ ፈቃዴ) ላይ ስሜ ዘይነብ ነው። ደላላው "በክርስቲያን ስም ከሆነ ሥራው ይዘገያል፣ ማዳሞቹ ሙስሊም ነው የሚመርጡት" ሲለኝ አባዬ አልጋ ላይ ነበር። እሺ አልኩ። ማተቤን ከመሳፈሬ በፊት ፈታሁት፤ አሁን የቀሚሴ ጠርዝ ውስጥ ተሰፍቷል። ያኔ አያቴ ግንባሬን መስቀል ላስነቅስሽ ስትለኝ አልቅሼ ማምለጤ በጀኝ። አንገቷን የተነቀሰች አንዲት የአገራችን ልጅ አለች፤ በዚህ ሁሉ ሙቀት ሻርፗን አትፈታም።

እዚህ አገር አንድም ቤተ ክርስቲያን የለም። ቤት ውስጥ መሰብሰብም ያስፈራል። በታኅሣሥ 2004 ዓ.ም. እዚሁ ጅዳ ለጸሎት የተሰበሰቡ 35 ኢትዮጵያውያን ተያዙ፤ 29ኙ ሴቶች ናቸው። "ያልተጋቡ ወንድና ሴት አብረው ተገኙ" ነው የተባለው። ወራት ታስረው ወደ አገር ተባረሩ። የሃይማኖት ፖሊሶቹ ከ2008 ዓ.ም. ወዲህ ሰው የመያዝ ሥልጣን የላቸውም፤ ፍርሃቱ ግን ከሰው ሆድ አልወጣም። እኔም ቅዳሴ የምሰማው ልብስ ስተኩስ ነው፣ በአንድ ጆሮዬ።

ሥጋ አልበላም። አንቺ ታውቂዋለሽ፣ እኛ ወሎዎች ከሙስሊም ጎረቤት ጋር ሁሉን ተካፍለን እየኖርን እርዱ ላይ ብቻ እንለያያለን። እዚያ ሰርግ ላይ ለሁለታችንም ለየብቻ ይሠራል። እዚህ ለእኔ ለብቻዬ ማን ያርዳል? ማዳም ሥጋ የማልወድ ይመስላታል። ፎልና ዳቦ ስለማይጠፋ ሁዳዴን እወጣዋለሁ።

የሚከብደው ሶላቱ ነው። ሙስሊም ነኝ ብዬ ገብቻለሁ፣ እንዴት አልሰግድም? የሴት ነገር ላይ ነኝ እላለሁ። እሱ ደግሞ ወሩን ሙሉ አይሆንም። ክፍሌን ዘግቼ የምቆይበት ቀን አለ። ከማዳም ጋር አብሬ የቆምኩበት ቀንም አለ፣ በሆዴ አቡነ ዘበሰማያት እያልኩ። ይህንን ለንስሐ አባታችን ንገሪያቸው። ቀኖና ከሰጡኝ እቀበላለሁ። ሰንበቴው ላይ ለሚያወሩት ግን አትንገሪ፤ እነሱን አይመለከታቸውም።

ማዳም ክፉ አይደለችም። ስታመም ሐኪም ቤት የወሰደችኝ እሷ ናት። ደስ ሲላት "የነጃሺ አገር ልጅ" ትለኛለች። ነጃሺ እኮ የነቢዩን ተከታዮች ሲያስጠጋ ስማችሁን ቀይሩ አላላቸውም። ይቺን በሆዴ ነው የምላት። ሚስጥሬን ሁሉ የምታውቀውና የምትሸፍንልኝ ደግሞ ጎረቤት ቤት የምትሠራ የከሚሴ ሙስሊም ናት። ለገና ዳቦ ጋግራ ደብቃ አምጥታልኛለች።

ቴሌቪዥኑ የአየር ጠባይ ሲናገር ናጅራን የሚባል ከተማ ይጠራል። ኅዳር 26 እኛ ዘንድ የአባታችን የኢየሱስ ሞዓ በዓል ሲሆን ስንክሳሩ አብሮ የሚያነሣቸው የናግራን ሰማዕታት የዚያ ከተማ ሰዎች ናቸው። ለእነሱ አፄ ካሌብ ባሕር ተሻገረ። በሚያዝያ 2007 ዓ.ም. ሊቢያ ውስጥ በክርስትናቸው የተገደሉትንም አንረሳቸውም፤ ከመሃላቸው የቂርቆስ ሰፈር ልጆች ነበሩ። ያን ሰሞን "ማተቤን አልበጥስም" ያላለ አልነበረም። እኔ ከነሱ ጋር አልቆጠርም። አንገቴ ላይ ቢላዋ ያደረገ የለም። የተጠየቅሁት በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ነው፣ ዛሬ ስም፣ ነገ ማተብ፣ ከነገ ወዲያ ስግደት። እምቢ የሚባልበት ሰዓት የቱ እንደሆነ እንኳን አይለይም።

አሁን አንቺ አንባቢዋ፣ ስሚኝ። ያው ደላላ "ራቢያ" ብሎ ስም እንዳወጣልሽ ነግረውኛል። አትምጪ ብዬ አላዝሽም፤ የአባዬ መታከሚያም የቤቱ ቆርቆሮም ከዚህ ነው የመጣው። ግን ስሜ ይቆይልኝ ካልሽ አሁን በዪው። በስማቸው የመጡ ልጆች አሉ። ብዙ ይጠብቃሉ፣ አንዳንዴም ደመወዙ ያንሳል፤ ማዳማቸው ግን ክርስቲያን መሆናቸውን አውቃ ነው የወሰደቻቸው። እዚህ ከገባሽ በኋላ መናገር ሌላ ነው። "ዋሸሽኝ" ትልሻለች፣ እውነቷንም ነው።

እማዬ፣ እሷ እስክትወስን ለደላላው ቀብድ እንዳትሰጪ። የላክሁት ብር መጀመሪያ ለመድኃኒትሽ ይሁን፣ ከተረፈ ለማኅበሩ ጽዋ አዋጪልኝ። ስሜን ለጸሎት ስትሰጪ የክርስትናውን ስጪ። የድምፅ መልእክት ስትልኩልኝ ግን በእሱ አትጥሩኝ፤ ስልኬ ቀን ቀን ሳሎን ነው የሚውለው።

ልጅሽ