«ምርመራው እስኪያልቅ መሪ አይጨብጥም» ብላችሁኝ ነበር

ለድርጅቱ ዋና ሥራ አስኪያጅ

ጉዳዩ፦ እጅግ ከፍጥነት ወሰን በላይ ስላሽከረከረ ሹፌራችሁ የተገባልኝ ቃል ባለመከበሩ የቀረበ ቅሬታ

የተከበሩ ሥራ አስኪያጅ፣

ስለ ጉዞው እንደ አዲስ አልተርክም። የጉዞው ቀን፣ የአውቶቡሱ የጎን ቁጥር፣ የወንበሬ ቁጥርና ፍጥነቱን የሚያሳየው ፎቶ በእጃችሁ ነው። ማመልከቻዬን ተቀብላችሁ ቀሪው ላይ ማህተም አድርጋችሁ ሰጥታችሁኛል። ዛሬ የምጽፈው ስለ አንድ ቃል ነው። የገባችሁልኝና ያጠፋችሁት ቃል።

የስምሪት ኃላፊያችሁ በትህትና ነው ያስተናገዱኝ። ይህን አልክድም። ወንበር ስበው አስቀመጡኝ። ፎቶውን አጉልተው አዩና 143 የሚለውን ቁጥር ጮክ ብለው አነበቡት። የዚያ መንገድ ወሰን በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ነው። ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ እንዲህ አሉኝ፦ «እህቴ፣ ሁለት ነገር ቃል እገባልዎታለሁ። አውቶቡሱ ላይ ጂፒኤስ አለ። የፍጥነት መዝገቡን አውጥተን እስከ ዓርብ በጽሑፍ እናሳውቅዎታለን። ሌላው፣ ምርመራው እስኪያልቅ ይሄ ልጅ መሪ አይጨብጥም።» እያየኋቸው አጀንዳቸው ላይ ጻፉት። ስልኬንም ከሥሩ ጻፉ። አመስግኜ ወጣሁ። የዚያን ዕለት ካሳም አልጠየቅሁም፣ ሰው ከሥራ ይባረር አላልኩም። መዝገቡ ይታይ፣ እስከዚያ ልጁ ይረፍ። ይኸው ነበር ጥያቄዬ።

ዓርብ አለፈ። ማንም አልደወለም። እኔ ስደውል መስመሩ ሙዚቃ ያሰማኛል እንጂ ሰው አያነሳም። ሲነሳ ደግሞ «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው»፣ «መስክ ወጥተዋል»፣ «ለደንበኞች አገልግሎት ይደውሉ» ይባላል። ደንበኞች አገልግሎት ስደውል «ይሄ የስምሪት ጉዳይ ነው» ተብዬ ወደ ስምሪት እመለሳለሁ። በመጨረሻ የደንበኞች አገልግሎት ኃላፊያችሁን አገኘኋቸው። የተነጋገርነውን ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ። እንዲያነቡት ስለምፈልግ ሙሉውን እጽፋለሁ።

«ሹፌሩን መክረነዋል» አሉኝ።

«የጂፒኤሱ መዝገብስ? በጽሑፍ እንደምትልኩልኝ ቃል ተገብቶልኝ ነበር።»

«እሱ የድርጅቱ የውስጥ ሰነድ ነው። ለተሳፋሪ አይሰጥም። ቃል የገባልዎት ማን ነው?»

«የስምሪት ኃላፊው ናቸው።»

«እኔ አልገባሁም።»

የፎቶውን ነገር አነሳሁላቸው። «ስልክ ሊሳሳት ይችላል» አሉ። ሊሳሳት ይችላል፣ የእናንተን መዝገብ የጠየቅሁትም ለዚሁ ነው አልኳቸው። ድምፃቸው ተለወጠ።

«ለመሆኑ በሰላም ደርሰዋል?»

«ደርሻለሁ።»

«እንዲያውም ቀድመው ነው የደረሱት አይደል?»

«አዎ።»

«ታዲያ ቅሬታዎ ምንድን ነው? ሰው የሚጮህብን ስንዘገይ ነው። ካልተስማማዎት ሌላ አውቶቡስ ሞልቷል።»

ስልኩን ዘጉት። መልስ ለመስጠት ዕድል ስላላገኘሁ እዚህ ልመልስ።

ቅሬታዬ መድረሴ አይደለም። በ143 የሚከንፍ አውቶቡስ በአንድ ሰከንድ ውስጥ ወደ 40 ሜትር ይጓዛል። ሹፌሩ ከፊቱ የቆመ መኪና አይቶ እግሩ ፍሬን ላይ እስኪያርፍ ብቻ ማለት ነው። ፍሬን ከያዘ በኋላም ለመቆም የሚፈልገው ርቀት በ80 ከሚፈልገው ከ3 እጥፍ ይበልጣል። የግጭቱም ጉልበት እንደዚያው ነው፤ ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር ጉልበቱ 4 እጥፍ ይሆናል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው አማካይ ፍጥነት 1 በመቶ በጨመረ ቁጥር ሰው የሚሞትበት አደጋ ዕድል 4 በመቶ ገደማ ይጨምራል። እዚህ የምናወራው ስለ 1 በመቶ አይደለም። ያ ሁሉ የሆነው ደግሞ በ100 ኪሎ ሜትር ላይ ግማሽ ሰዓት ያህል ለማትረፍ ነው፤ እሱም መንገዱ እንደልብ ባዶ ከሆነ። በሰላም መድረሳችን ከፊታችን ማንም ባለመቆሙ ነው። ይህን ለድርጅታችሁ እንደ ምስጋና ልትቆጥሩት አይገባም።

እስከዚህ ድረስ ያለውን ሁሉ ችዬው ነበር። ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ ባለፈው ሳምንት ያየሁት ነው። እናቴን ለመሸኘት መናኸሪያ ሄድኩ። ዕቃዋን ጭነን፣ ወንበሯን አስይዤ ልወርድ ስል ሹፌሩ ገባ። ያው ልጅ ነው። ያው መስመር፣ ያው አውቶቡስ። መሪውን ጨብጦ መስታወቱን ያስተካክላል። ረዳቱን ወደ ጎን ጠርቼ «ይሄ ልጅ ታግዶ አልነበረም እንዴ?» አልኩት። ግራ ገብቶት አየኝ። «እሱ? ማን አገደው? አንድም ቀን አላረፈም» አለኝ።

አንድም ቀን። ስምሪት ኃላፊያችሁ አጀንዳቸው ላይ ሲጽፉ እኔ ምስክር ነኝ። ልጁ ግን በማግስቱም ሰው ጭኖ ወጥቷል ማለት ነው። እኔ መልስ ስጠብቅ በነበረበት ጊዜ ሁሉ ስንት ሰው አሳፍሮ በዚያ መንገድ ላይ ተመላልሷል? እናቴን ይዤ ወረድኩ። የቲኬቷን ገንዘብ ስጠይቅ ቲኬት ቆራጩ «ራሳችሁ ነው የወረዳችሁት፣ አይመለስም» አለን። ጉልበቷን የሚያማት ሴት ሻንጣዋን ታቅፋ አግዳሚ ወንበር ላይ ቀረች።

ረዳቱ ሌላም ነገር ነገረኝ፤ ስሙን ስለማልጠቅስ እንዳትፈልጉት እለምናለሁ። ቀድሞ የገባ ሹፌር የመልስ ተራውን ቀድሞ ይይዛል። ዘግይቶ የገባ ደግሞ ከአበሉ ይቆረጥበታል። ሰዓቱን የሚያወጣው ቢሮ ነው። በተባለው ሰዓት ለመድረስ በወሰኑ ተነድቶ እንደማይቻል ማንኛውም ሰው ርቀቱን ለሰዓቱ አካፍሎ ሊያየው ይችላል። ይህን ስሰማ ለሹፌሩ አዘንኩ። ጥፋቱ ግን አልቀለለልኝም። ፔዳሉን የረገጠው የሱ እግር ነው፣ ከኋላው የተቀመጥነውን ሰዎች በመስታወት እያየን ነበር። ቅጣት ይገባዋል። ሆኖም ቅጣቱ እሱ ላይ ብቻ ካቆመ ነገ ሌላ ልጅ በዚያው ሰዓት ታስገቡታላችሁ።

ከወሰን በ10 ኪሎ ሜትር ያለፈ ሰው ይቀጣ፣ ገንዘብ ይክፈል፣ ይበቃዋል። በ60 ያለፈ ግን አልተሳሳተም፤ አውቆ ነው ያደረገው። ለዚህ «መክረነዋል» መልስ አይሆንም። የገንዘብ ቅጣትም ብቻውን አይሆንም፣ በተለይ ድርጅቱ ከፍሎለት ከገቢው ላይ የሚያወራርደው ከሆነ። ለድርጅት ያ ቅጣት እንደ ነዳጅ አንድ የወጪ መስመር ነው።

ሌሎች አገሮች ይህን ልዩነት በሕግ ለይተውታል። ስዊዘርላንድ እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ ወሰኑ 80 በሆነ መንገድ ላይ በ60 እና ከዚያ በላይ ያለፈን ሰው እስከ 4 ዓመት እስር በሚያደርስ ወንጀል ትከሳለች። ልጃችሁ በ63 አልፏል። ዴንማርክ እ.ኤ.አ. ከ2021 ወዲህ ከ200 በላይ የነዳውን፣ ወይም ከ100 በላይ እየነዳ ወሰኑን ከእጥፍ በላይ ያለፈውን ሰው መኪናውን ትወርሳለች፤ መኪናው የተከራየ ወይም የሌላ ሰው ቢሆንም። በሕጉ የመጀመሪያ ዓመት አንድ ሰው ገና አዲስ የገዛውን ላምቦርጊኒ ወደ አገሩ እየወሰደ በ236 ሲከንፍ ተይዞ መኪናውን እዚያው አጥቷል። ፊንላንድ ቅጣቱን በገቢ ልክ ታሰላለች፤ እ.ኤ.አ. በ2023 አንድ ባለሀብት ወሰኑ 50 በሆነ መንገድ 82 ነድቶ 121,000 ዩሮ ከፍሏል። የሁሉም ሐሳብ አንድ ነው። ቅጣቱ ከኪስ ወጥቶ ወዲያው የሚረሳ መሆን የለበትም።

እናንተን በቀጥታ የሚመለከተው ደግሞ ይሄ ነው። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ትልልቅ አውቶቡሶች ከ100 በላይ እንዳይሄዱ የፍጥነት መገደቢያ መግጠም ግዴታ ነው። ሹፌሩ ቢፈልግም አይችልም። አደጋ የሚያስከትል ከሆነ ለሹፌር በሄደው ርቀት ወይም በማድረሻ ፍጥነት ልክ ጉርሻ መክፈልም ክልክል ነው። ሹፌር ቢበዛ 4 ሰዓት ተኩል ነድቶ 45 ደቂቃ ማረፍ አለበት። ሕጉ ከመሪው አልፎ ሰዓቱን ወዳወጣው ቢሮ የሚሄደው አለቃው ሰዓት ሲያወጣ ፍጥነትም አብሮ እያዘዘ እንደሆነ ስለሚታወቅ ነው።

ከጀመርኩ አይቀር፣ እስከ ዛሬ በትዕግሥት ያለፍኳቸውንም ልናገር። የእናቴ ወንበር ቀበቶ መቆለፊያ የለውም። ለረዳቱ ስነግረው «እማማ አይስጉ፣ ቁጭ ብቻ ይበሉ» አላት። ሹፌሩ ጠመዝማዛ ላይ ስልክ ያወራል። አንዱን ጎማ አይቼ ጥርሱ ማለቁን ብናገር «በሚቀጥለው ይቀየራል» ተባልኩ፣ በሚቀጥለውም ያው ጎማ ነበር። በአውቶቡሱ ግድግዳ ላይ «ሹፌሩ ሲፈጥን ይደውሉልን» የሚል ቁጥር ለጥፋችኋል። ያን ዕለት በመንገድ ላይ እያለን ደወልኩበት። አገልግሎት ላይ አልዋለም ይላል። ይህ ሁሉ ተለይቶ ሲታይ ትንሽ ነገር ሊመስል ይችላል። ለኔ ግን ከ143 ጋር የተያያዘ ነው። በዚያ ፍጥነት የተነዳው አውቶቡስ ወንበሩ ቀበቶ፣ ጎማው ጥርስ የሌለው ነበር።

መጀመሪያ ስመጣ የጠየቅሁት መዝገቡንና የልጁን ማረፍ ብቻ ነበር። አሁን ያ አይበቃኝም።

የአውቶቡሱ የጂፒኤስ መዝገብ፣ የኔ ጉዞ ብቻ ሳይሆን ልጁ «አይነዳም» ከተባለበት ቀን ጀምሮ ያለው ሁሉ፣ በጽሑፍ ይሰጠኝ። ያው መዝገብ ለትራፊክ ፖሊስ ይተላለፍ። መንጃ ፈቃዱ ላይ የሚወሰነውን ሕግ ይወስን፤ እናንተ በቢሮ መክራችሁ የምትዘጉት ጉዳይ አይደለም። እስከዚያ ልጁ ከመሪ ይነሳ፣ በዚህኛው ጊዜ በእውነት ይነሳ። ቅጣት ከተጣለበትም ድርጅቱ እንዳይከፍልለት። ሰዓቱን ያወጣው ሰው ማን እንደሆነ፣ ሰዓቱም በምን ስሌት እንደወጣ በጽሑፍ ይገለጽልኝ። የመልስ ተራና የአበል ቅነሳው አሠራር ይቅር። በሁሉም አውቶቡሶቻችሁ ላይ የፍጥነት መገደቢያ ይገጠም፣ የሚገጠምበትም ቀን ይነገረን። የእናቴ የቲኬት ገንዘብ ይመለስ። የደንበኞች አገልግሎት ኃላፊውም «በሰላም ደርሰዋል አይደል» ስላሉኝ በጽሑፍ ይቅርታ ይጠይቁ። ይህንን ገንዘቡ ከመመለሱ በላይ እፈልገዋለሁ።

ይህ ደብዳቤ በደረሳችሁ በ10 የሥራ ቀናት ውስጥ መልስ ካላገኘሁ ፎቶውን፣ ማህተም ያለበትን ቀሪና ይህን ደብዳቤ አያይዤ ለትራንስፖርት ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት አቀርባለሁ። የምጠይቀውም የሹፌሩን ቅጣት ብቻ አይሆንም፤ የመስመር ፈቃዳችሁ እንዲታገድ ጭምር ነው። ይህን ስጽፍ ለማስፈራራት አይደለም። ልጁ ዛሬም ሰው ጭኖ እየነዳ ስለሆነ ነው።

መልሱን በስልክ አልቀበልም። በጽሑፍ፣ ፊርማና ማህተም ያረፈበት እንዲሆን በትህትና እጠይቃለሁ።

ከሰላምታ ጋር
ቅሬታ አቅራቢዋ ተሳፋሪ

አባሪ፦ ፍጥነቱን የሚያሳይ ፎቶ፣ የማመልከቻው ቀሪ፣ ያልተመለሰው ቲኬት

ግልባጭ፦
ለስምሪት ክፍል
ለደንበኞች አገልግሎት ክፍል