የፍቅር ልብ ወለድ ልጻፍ ላልሽኝ ልጄ

ልጄ ማሕሌት፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን፤ አባትሽም ጉንፋኑ ለቆት ወደ ሥራው ተመልሷል።

ባለፈው በስልክ «እማዬ፣ የፍቅር ልብ ወለድ ጀምሬያለሁ፤ ባንኩን ትቼ እንዳንቺ ልጻፍ?» ስትይኝ ዝም ያልኩት ከፍቶኝ አይደለም። ለእንዲህ ያለ ጥያቄ ጥድፊያ ላይ ሆኖ መልስ አይሰጥም ብዬ ነው። መልሴ ይኸውልሽ፦ መጻፉን ጻፊ፤ ደመወዝሽን ግን አትልቀቂ። ሁለቱንም ያልኩበትን ምክንያት ላስረዳሽ።

«የፍቅር ነው?» ብለው መጽሐፍሽን አገላብጠው መልሰው የሚያስቀምጡ ሰዎች ይገጥሙሻል፤ የተማሩት ደግሞ ይብሳሉ። እንዳትሸማቀቂ። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ያሳተሙት የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ ጦርነት አለበት፣ ምርኮ አለበት፣ መንከራተት አለበት፤ የሚያልቀው ግን በሠርግ ነው። ሐዲስ ዓለማየሁም ስለ ባላባትና ጭሰኛ፣ ስለ ቤተ ክህነት፣ ስለ ጎጃም ገበሬ ምሬት ያላቸውን ሁሉ ለመናገር የመረጡት መንገድ የሁለት ወጣቶች ፍቅር ነው። «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ታተመ፤ ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው ደግሞ ፊደል ያልቆጠረውም ሁሉ ደረሰው። እኔ የሰማሁት በጎረቤት ሬዲዮ ነው። ቡና የሚወቅጡት ሴቶች ዘነዘናውን አቁመው ሲያዳምጡ አየሁ፤ ደራሲ የመሆን ምኞት ያደረብኝ ከዚያ በኋላ ነው።

አሁን ልብ በይ። ሰብለ ወንጌልንና በዛብህን የለያያቸው የልብ መቀዝቀዝ አይደለም። እሷ የፊታውራሪ መሸሻ ልጅ ናት፤ እሱ ወላጆቹ ተስለው ለቤተ ክርስቲያን የሰጡት የድሃ ልጅ። በመካከላቸው የቆመውን ሁሉ አገር ያውቀዋል፤ ልማድና ሥልጣን ያቆሙት ነገር ነው። የጀማሪዎች ረቂቅ ሲመጣልኝ የማጣው ይህን ነው። ልጅቷ ቆንጆ ናት፣ ልጁ ሀብታም ነው፣ አንዲት ምቀኛ ጓደኛ በሐሰት ታጣላቸዋለች፣ መጨረሻ ላይ እውነቱ ይወጣል። እንዲህ ያለውን መጽሐፍ አንባቢ በአንድ ሌሊት ጨርሶ በማግስቱ ይረሳዋል። ያንቺን ሁለት ሰዎች ምንድን ነው የሚከለክላቸው? የቤት ኪራይ ነው? እናቷን የምትጦረው እሷ ብቻ መሆኗ ነው? ቤሩት ለመሄድ ፓስፖርት ማውጣቷ? ሃይማኖት? ዛሬ ቤተሰብን ከቤተሰብ የሚያቆራርጠው የብሔር ነገር? መልሱን ሳታውቂ ሁለተኛውን ምዕራፍ አትጀምሪ።

አንድ ነገር ከራሴ ሥራ ላሳይሽ። በመጨረሻው መጽሐፌ መገናኛ የታክሲ ሰልፍ ላይ የሚተያዩ ሁለት ሰዎች አሉ። ልጁ የሌሊት ጥበቃ ነው፤ አርፍዶ ከገባ ከደመወዙ ይቆረጥበታል። አንባቢ ይህን ቀደም ብሎ ያውቃል። ዝናብ ይዘንባል፣ መሽቷል፣ ሰልፉ አይንቀሳቀስም። በመጨረሻ አንድ ታክሲ ይመጣና ረዳቱ «አንድ ሰው!» ይላል። ተራው የልጁ ነው። ከኋላው የቆመችውን ልጅ ያያታል፤ ነጠላዋ ርሶ ትከሻዋ ላይ ተጣብቋል። «እሷ ትግባ» ይላል፣ ለረዳቱ እንጂ ለእሷ አይደለም የሚናገረው። ትገባለች፤ በሩ ይዘጋል። በዚያ ምዕራፍ ውስጥ ሁለቱ አንድም ቃል አይነጋገሩም። ከመጽሐፉ ሁሉ ግን ሰዎች ደውለው የሚያነሱልኝ ይህን ቦታ ነው። ልጁ ስለ ፍቅር ቢለፈልፍ ኖሮ ማንም አያስታውሰውም ነበር። የሚያስታውሱት የዚያን ቀን ምን እንደሚቆረጥበት ስለሚያውቁ ነው። ገጸ ባሕርያትሽን የሆነ ነገር አስከፍያቸው፤ ሲወዱ ከኪሳቸው፣ ከእንቅልፋቸው፣ ከስማቸው የሚጎድል ነገር ይኑር።

ስለ መጨረሻውም ብዙ ይሉሻል። ስልክ ቁጥሬ ጀርባ ሽፋኑ ላይ ስላለ «ለምን አላጋባሻቸውም?» ብሎ የሚቆጣኝ አለ፤ ያጋባኋቸው እንደሆነ ደግሞ ሐያሲው «ቀለል ያለ ነው» ይላል። እኛ ዘንድ ሞትና መለያየት የቁም ነገር ምልክት ተደርጎ ተወስዷል። አልስማማም። ኪራይ እየከፈሉ፣ ከቤተሰብ ተጣልተው ታርቀው፣ ተስፋ ቆርጠው ተመልሰው ለሠርግ የበቁ ሁለት ሰዎች ከሞቱት አያንሱም። እንዲያውም እነሱን መጻፍ ይከብዳል።

ሥራው የሚሠራው ሌሊት ነው፤ አንቺም እያየሽ ያደግሽው ነው። ቤቱ ሳይነሳ፣ ስልክ ሳይጮህ። ባንክ ከመግባትሽ በፊት አንድ ሰዓት ካገኘሽ ይበቃሻል፤ ዋናው አለማቋረጡ ነው። ስትተይቢ የሰዎችሽን ስም አጻጻፍ ከመጀመሪያው ወስኚና በአንድ ወረቀት ላይ ጽፈሽ ግድግዳው ላይ ለጥፊ። ገጽ 12 ላይ «ኃይሉ» የነበረው ገጽ 90 ላይ «ሃይሉ» ከሆነ አንባቢ ሌላ ሰው መጣ ብሎ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ አንዴ ከታሪኩ ከወጣ ደግሞ ማስገባቱ ከባድ ነው። በድሮው የአማርኛ መተየቢያ በፓወር ግዕዝ የተተየበ ምዕራፍ ካለሽም ማተሚያ ቤት ከመውሰድሽ በፊት ወደ ዩኒኮድ፣ ማለትም ኮምፒውተር ሁሉ ወደሚያነበው የፊደል አሠራር አስቀይሪው፤ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ፊደሉ ተበትኖ የማይነበብ ይሆናል።

ወደ ደመወዝሽ ልምጣ። እኛ አገር አብዛኛው ደራሲ አሳታሚው ራሱ ነው። ማተሚያ ቤቱ ቀብድ ሳይከፈለው ሥራ አይጀምርም፤ በረቂቅ መያዣነት የሚያበድር ባንክ ደግሞ አላጋጠመኝም። የመጀመሪያ መጽሐፌ የታተመው በእቁብ ነው፤ ያውም ዕጣው የወጣላቸው ጎረቤታችን ለእኔ ስለለቀቁልኝ። ከዚያ ወዲህ ነገሩ ከብዷል። ወረቀቱ፣ ቀለሙ፣ ገጹ የሚቀረጽበት የማተሚያ ሰሌዳ (ፕሌቱ) ከውጭ ነው የሚገባው። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ከ57 ብር ግድም የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ፤ የሕትመት ዋጋም አብሮት ወጣ። ስለዚህ ገጽሽን ቁጠሪ። ማተሚያ ቤት አንዱን ትልቅ ወረቀት አጥፎ 16 ገጽ ያወጣል፤ ረቂቅሽ ከ16 ብዜት ትንሽ ካለፈ ለባዶ ገጽ ትከፍያለሽ። እኔ አራት ገጽ ተርፎኝ፣ 320 ላይ እንዲያልቅ ብዬ የልጁን አጎት ከታሪኩ ጨርሶ አወጣሁት። መጽሐፉም ተሻለ።

ታትሞ ሲወጣ አከፋፋዩ ከሽፋኑ ዋጋ ላይ ድርሻውን ቀንሶ ይረከባል፤ ከእሱ መደብሩ፣ ከዚያ አዟሪው። አዟሪዎቹን አክብሪያቸው። አራት ኪሎና ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ከእጃቸው እስከ አገጫቸው መጽሐፍ ደርድረው በየካፌው በረንዳ የሚዞሩት ልጆች አንባቢዎች ናቸው። አንዱ መጽሐፌን ለአንዲት ተማሪ ሲሸጥ ከጎኑ ቆሜ ሰምቻለሁ፤ ደራሲዋ መሆኔን አላወቀም። አምስተኛውን ምዕራፍ እኔ ከምተርከው አሳምሮ ተረከላት፤ ልጅቷም ቦርሳዋን ከፍታ ያላትን ቆጠረች፣ ጎደላት፣ ቀሪውን ነገ ልታመጣለት ተስማምተው ይዛው ሄደች። ያቺን ልጅ እያሰብሽ ጻፊ። የምሳዋን ገንዘብ ነው የሰጠችሽ።

ገንዘቡ ወደ አንቺ የሚመለሰው እየተንጠባጠበ ነው፤ አንዳንዱም ሳይመለስ ይቀራል። አንቺንና ወንድምሽን ያሳደግሁት በልብ ወለድ ብቻ አይደለም። የሬዲዮ ድራማ ጽፌያለሁ፣ የቴሌቪዥን ድራማ ንግግር አርሜያለሁ፣ የሰው የሕይወት ታሪክ ስሜ ሳይጠራ ጽፌ አስረክቤያለሁ። አላዋረደኝም፤ ልብ ወለዱን ግን በቸኮለ ልብ እንዳልጽፈው ጠብቆልኛል። የቤት ኪራይ የሚጠብቅ ደራሲ ምዕራፉን ሳይበስል ያወጣዋል። ደመወዝሽን አትልቀቂ የምልሽ ለዚህ ነው እንጂ አትችይም ብዬ አይደለም።

ከዚያ ደግሞ ስርቆቱ አለ። መጽሐፉ ወጥቶ ብዙም ሳይቆይ በፒዲኤፍ ተነስቶ ቴሌግራም ላይ ይለቀቃል፤ ሌላው ያላንቺ ፈቃድ ዩቲዩብ ላይ እየተረከ በማስታወቂያው ገንዘብ ይሠራበታል። ይህ ሌብነት ነው፣ ሌላ ስም የለውም። ግን አንድ ነገር ልንገርሽ። ሳዑዲ በሰው ቤት ከምትሠራ ልጅ የድምፅ መልእክት ደርሶኛል። ማታ ሥራ ስትጨርስ ብርድ ልብስ ውስጥ ሆና በስልኳ ነው ያነበበችው። «እትዬ፣ በነፃ ነው ያነበብኩት፤ ስገባ እከፍልሻለሁ» አለችኝ፣ እያለቀሰች። እሷ ያለችበት ከተማ የአማርኛ መጽሐፍ የሚሸጥ ሱቅ የለም። እኔ የምጣላው ከሚለቅቀውና ከሚነግድበት ሰው ጋር ነው፤ ከእሷ ጋር አይደለም። መጽሐፎቼ ሕጋዊ በሆነ መንገድ በስልክ እንዲገኙ የተስማማሁትም ለእሷ ስል ነው፤ አንቺም ከመጀመሪያው እንዲያ አድርጊ።

ውል ስትፈርሚ ሁልጊዜ ለአንድ እትም ብቻ ይሁን፣ የቅጂውም ብዛት ይጻፍበት። ትረካው፣ ፊልሙ፣ ትርጉሙ እያንዳንዱ ለየብቻው ውል ይፈልጋል። «ሁሉንም አጠቃለሽ ሽጪልን» የሚሉሽ ገንዘቡን በጣም በሚያስፈልግሽ ቀን ነው የሚመጡት። በቅጂ መብት አዋጁ፣ በቁጥር 410/1996 መሠረት የደራሲው የኢኮኖሚ መብት፣ ማለትም ከሥራው ገንዘብ የማግኘት መብቱ፣ ዕድሜውን ሙሉ የራሱ ነው፤ ከሞተ በኋላም ለ50 ዓመት ለወራሾቹ ይቆያል። እንግዲህ የእኔ መጻሕፍት ከእኔ በኋላ ያንቺና የወንድምሽ ናቸው። ውሎቹ በሙሉ በብረት ሳጥኑ ውስጥ፣ ከቤቱ ካርታ ሥር ናቸው። የተፈረመበትን ቀን እያየሽ አንብቢያቸው፤ የተሟሉትን ከላይ አስቀምጫለሁ።

ሴት ሆነሽ ፍቅር ስትጽፊ ዘመድ ሁሉ «ይሄ ሰውዬ ማነው?» ማለቱ አይቀርም። አባትሽ አንድም ቀን ጠይቆኝ አያውቅም፤ የመጀመሪያ አንባቢዬም እሱ ነው። ለዚህ የማመሰግነውን ያህል በሌላ በምንም አላመሰገንኩትም። አንቺም ወደ ትዳር ስትሄጂ ይህን አስቢበት።

አሁን የጻፍሽውን ላኪልኝ። በስልክ አይሁን፤ በወረቀት አሳትሚውና ከሐዋሳ ለሚመጣ ሰው ስጪልኝ። መስመሩን አራርቀሽ፣ ጠርዙን ሰፋ አድርገሽ ተዪልኝ፤ በቀይ ብዙ እጽፍበታለሁ። ሁለቱን ሰዎች የሚከለክላቸው ምን እንደሆነ ደግሞ በሌላ ወረቀት በሁለት መስመር ጽፈሽ አብረሽ ላኪው፤ መጀመሪያ የማነበው እሱን ነው።

ወንድምሽ ሰላም ብሎሻል። በርበሬው ተፈጭቷል፤ ወረቀቱን ይዞ በሚመጣው ሰው እልክልሻለሁ።

እናትሽ